የእጅ ሰዓትን የሚያሠራ ጉልበት ስልክን ለምን አይሞላም?

መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማሪዎቻችን የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፦ «የክንድ እንቅስቃሴ የእጅ ሰዓትን ማሠራት ከቻለ፣ ስልካችንንስ ለምን አይሞላም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ባትሪ መቀየር ሳያስፈልጋቸው በክንድ ውዝዋዜ የሚሠሩ የኳርትዝ ሰዓቶች በእርግጥ አሉ፤ የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ አቅርቧቸዋል።

በሰዓቱ ውስጥ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላት ብረት አለች። ክንዳችን ሲወዛወዝ ብረቷ ትዞራለች፤ ጥርስ ያላቸው ጎማዎችም ፍጥነቱን አባዝተው አንዲት ኢምንት ማግኔት ያሽከረክራሉ። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ሲለዋወጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ለውጡ በፈጠነ መጠን ቮልቴጁም ይጨምራል። የጎማዎቹ ጥቅም ይኸው ነው። ይሁንና ፍጥነትን እንጂ ጉልበትን አይጨምሩም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

እስቲ እናስላ። የብረቷ መጠነ ቁስ 5 ግራም፣ በአንድ ውዝዋዜ የምትወርደው ከፍታም 2 ሳንቲሜትር ነው እንበል። የመሬትን ስበት 10 ኒውተን በኪሎግራም ብንወስድ፣ የምናገኘው ጉልበት 1 ሚሊጁል ነው። ሰዓቱ የሚፈልገው አቅም 1 ማይክሮዋት ገደማ ስለሆነ፣ ብክነትን ከተውን አንድ ውዝዋዜ ለ1,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለ17 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 10 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ግን 36,000 ጁል ይፈልጋል፤ ይህም 36 ሚሊዮን ውዝዋዜ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት ሳናቋርጥ ብናወዛውዝ ከ400 ቀናት በላይ ይፈጅብናል!

መሣሪያውን ማሳነስ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ርዝመቱንም ወርዱንም ውፍረቱንም ወደ አንድ አሥረኛ ብንቀንስ፣ መጠነ ቁሱ ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል፤ ብረቷ የምትወርደው ከፍታም በአሥር እጅ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ውዝዋዜ የሚገኘው ጉልበት አንድ አሥር ሺህኛ ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ስላነሰ ባለቤቱ እርምጃውን አያፈጥንለትም።

በእጅ የሚዞር መዘውር ግን ከዚህ ይለያል። እንግሊዛዊው ትሬቨር ቤይሊስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው በእጅ የሚጠመዘዝ ሬዲዮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚህ ላይ ጉልበት የሚሰጠው የትንሽ ብረት ክብደት ሳይሆን ጡንቻችን ራሱ ነው። መዘውሩን ስናዞር 10 ዋት የኤሌክትሪክ አቅም ብናገኝ፣ ያንኑ የስልክ ባትሪ ለመሙላት አንድ ሰዓት ይበቃናል፤ ክንድ መድከሙ ሳይረሳ። 3 ደቂቃ ብቻ ብናዞር እንኳ 1,800 ጁል፣ ማለትም የባትሪውን 5 ከመቶ እናገኛለን፤ ለአንድ አስቸኳይ ጥሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው።