ቅርጹ ያንሳል፣ አየሩ አያንስም

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ስትነሣ እንጦጦ ላይ ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ገና ሐሙስ ማታ። ሳተላይቷን ተሸክሞ የወጣው ሎንግ ማርች 4ቢ የሚባለው ሮኬት ነው። የዚህን ሮኬት ትንሽ አምሳያ ቤት ውስጥ ሠርቶ ማስወንጨፍ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ለሚያድጉ ልጆቻችን ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱ የሚጀምረውም አምሳያው እንደ ትልቁ አልበርም ሲል ነው።

ከልኬቱ እንነሣ። ሎንግ ማርች 4ቢ 46 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የአካሉ ስፋት 3.35 ሜትር ነው። የፔፐር ታወል ቱቦ ስፋቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አምሳያው የትልቁ አንድ ሰማንያ አራተኛ ይሆናል ማለት ነው፤ ቁመቱም 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ሁለት ቱቦ ጫፍ ለጫፍ ቢጣበቅ ይበቃል። እስከዚህ ያለው ተራ ማካፈል ነው።

ክብደት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ርዝመት በ84 ሲያንስ የገጽ ስፋት በ84 ጊዜ 84 ያንሳል፤ ይዘት ደግሞ አንድ ጊዜ ተጨማሪ በ84 ተባዝቶ ወደ 600 ሺህ ጊዜ ያንሳል። ትልቁ ሮኬት ሲነሣ 249 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህ ለ600 ሺህ ሲካፈል 420 ግራም አካባቢ ይመጣል። በሆቢ ሱቅ የሚሸጠው የተለመደው ሲ6 ሞተር ግን የራሱን ክብደት ጨምሮ ከ113 ግራም በላይ ማንሣት የለበትም። ስለዚህ አምሳያው በልኬት ሊኖረው ከሚገባው ክብደት ሩብ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ መሠራት አለበት። ሙጫ ማብዛት እንኳ ያስጠይቃል።

ሞተሩን ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። 7 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 18 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ከወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ከታች በሸክላ የተደፈነ ሲሆን መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ በላይ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ባሩድ ተቀምጧል። ሲ6-3 የሚለው ጽሑፍ ሦስት ነገር ይናገራል። ፊደሉ ሞተሩ በጠቅላላ የሚሰጠውን ኃይል መደብ፣ ስድስቱ በአማካይ 6 ኒውተን እንደሚገፋ፣ ሦስቱ ደግሞ ባሩዱ ከተቃጠለ በኋላ 3 ሰከንድ መዘግየት እንዳለ ያመለክታል። ባሩዱ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ ሮኬቱ በያዘው ፍጥነት ብቻ እየወጣ ጭስ ይተፋል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ፍንዳታ ወደ ላይ ተወርውራ አፍንጫውን ታስፈነጥርና ፓራሹቱን ታወጣለች። እንደኛው ያለ ወፍራምና ከባድ ቱቦ 100 ሜትር አካባቢ ደርሶ ቶሎ ስለሚያዘግም አምስት ሰከንድ የሚዘገይ ሞተር ይበዛበታል፤ ባለ ሦስቱን መምረጥ ያዋጣል።

ዋናው ችግር ግን አቅጣጫ ነው። ትልቁ ሮኬት ሞተሮቹን ግራና ቀኝ እያዘነበለ፣ በኮምፒዩተር እየተመራ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የእኛ ቱቦ ሞተሩን ማዘንበል አይችልም፤ የሚያቀናው አየሩ ብቻ ነው። አየሩ ደግሞ ለትንሹ ብሎ አይቀጥንም። ሮኬቱ ሚዛኑ የሚቆምበት ነጥብ፣ የነፋሱ ግፊት ተጠቃልሎ ከሚያርፍበት ነጥብ በፊት ለፊት፣ ወደ አፍንጫው መሆን አለበት፤ ቢያንስ በአንድ የአካል ስፋት፣ በእኛ በ4 ሳንቲ ሜትር። እንዲህ ከሆነ ሮኬቱ ሲዛባ ነፋሱ ጭራውን ገፍቶ ይመልሰዋል። የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ከተገላበጠ ግን ሮኬቱ ወደ ተመልካች ሊዞር ይችላል። የግፊቱን ነጥብ በቀላል ሒሳብ ማግኘት የተቻለው ናሳ ይሠራ የነበረው ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቀመሩን ካወጣ ወዲህ ነው። ሒሳቡን ለማይፈልግም መላ አለ፤ ሮኬቱን ከነሞተሩ ሚዛኑ ላይ በክር አስራችሁ እንደ ወንጭፍ አዙሩት። አፍንጫው እየመራ ከዞረ ይበርራል፤ እየተንገላታ ከዞረ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ የመጫወቻ ጭቃ ጨምሩ ወይም ጭራው ላይ የሚለጠፉትን ክንፎች አስፉ።

አምሳያ ሠሪዎች መልኩ እንዳይበላሽ ብለው ከታች ሰፋፊ ክንፎችን ከብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይሠራሉ። ብልሃቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጁ ክንፎቹ ለምን እንደተጨመሩ ሳይገባው መልኩ ብቻ ካማረ ትርፉ ግማሽ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሮኬቱ ነው እንጂ ባሩዱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ነዳጅ እየቀላቀሉ ጣታቸውን ባጡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የኔብራስካው ጫማ ሻጭ ኦርቪል ካርላይል የመጀመሪያውን አስተማማኝ ሞዴል ሮኬት የሠራው ዝግጁ ሞተር ከወረቀት አካል ጋር አዋሕዶ ነው። ካሊፎርኒያም የክፍለ ግዛቱ የእሳት አደጋ ኃላፊ ያጸደቀውን ሞተር ብቻ ነው የምትፈቅደው።

ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ባለው መንገድ፣ ሮኬት ማስነሣት አይቻልም። ለሲ ሞተር የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር 120 ሜትር የሚሰፋ ገላጣ ሜዳ ይጠይቃል፤ እዚያ ያለው ሽቦ፣ ጣሪያና መኪና ነው። ደረቅ ሣር ባለበት ኮረብታ ላይ መሞከርማ እሳት መለኮስ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ፣ ኧርዊንዴል ባለው የሳንታ ፌ ዳም መናፈሻ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ሮኬት ማኅበር ያስወነጭፋል። ተኳሹ 5 ሜትር ርቆ በኤሌክትሪክ ማብሪያ ይለኩሳል፤ ነፋስ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ የዕለቱ ሥራ ይቆማል። ወላጆች፣ ልጆቹን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የማስወንጨፊያውን ቀን ከማኅበሩ አረጋግጡ፤ አምሳያውንም እዚያ ላሉት ነባር ሠሪዎች አሳይታችሁ ሳታስመረምሩ አታስነሡ።