ከጉሮሮ የሚነሳ ቁርጥማት

አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ሲመጣ ሐኪሙ መዥገርን ይጠረጥራል። የላይም በሽታ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለች ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የልጆቿ መገጣጠሚያ በብዛት አብጦ ነበር። ያው ጉልበት ካርቱም፣ ካፉሪ ውስጥ ሲያብጥ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጉሮሮ ነው። ልጁን ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ቶንሲል አሞት ነበር?

ሩማቲክ ትኩሳት እንዲህ ነው የሚመጣው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ካሳመመ በኋላ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ሕመሙም አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት፣ ከነገ ወዲያ ክርን። በካፉሪ ቤቶች ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የአገራችን እናት «ብርድ መታው» ብላ ማስታገሻ ብትሰጠው አይፈረድባትም። ጣጣው ማስታገሻው ከሚገባው በላይ መሥራቱ ነው። በአንድ ሁለት ቀን እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ልጁ ኳሱን ይዞ ይወጣል፣ ለሐኪም የሚታይ ነገር አይቀርም። ሐኪሞች ሩማቲክ ትኩሳትን የሚለዩበት፣ ከ1944 ጀምሮ ሲሻሻል የኖረው የጆንስ መመዘኛ፣ በሽታው በሚበዛባቸው አገሮች የአንድ መገጣጠሚያ መቆጣት እንኳ ከዋና ምልክቶች እንዲቆጠር ያደረገው ገና በ2015 ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ይበልጥ የሚያደናግረው ከወራት በኋላ፣ በተለይ ሴት ልጆችን የሚይዘው ነው። እጅ ሳይታዘዝ ይወራጫል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ብርጭቆ ይወድቃል፣ ጽሕፈት ይበላሻል። አስተማሪ «ቅብጥብጥ» ይላታል፤ ቤተሰብ ጸበል ይወስዳታል። ይህም የዚያው ቶንሲል መዘዝ ነው፤ አንጎል ላይ ያረፈ።

መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ካርቱም፣ ሶባ ላይ ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በ2007 የከፈተው የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ቫልቭ በነፃ ሲቀይር ኖሯል፤ ከታካሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። አዲስ አበባ ደግሞ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ አለ። ሆኖም የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይውጣል፣ ደሙም በየጊዜው ይለካል። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ፈንድቶ ካርቱምን ጥሎ ወደ መተማ ለሸሸ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ቀዶ ሕክምናን የሚያስቀረው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የዋጋው ነገር አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ልጅን በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ለዓመታት ማስወጋት ነው። መርፌው ያማል። ዩጋንዳ ውስጥ በሽታው ገና ሳይገለጥ በተገኘባቸው 818 ልጆች ላይ ተሞክሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከተወጉት መካከል ልባቸው የባሰባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ካልተወጉት ግን ከመቶ ስምንት ያህሉ ብሶባቸዋል።