ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፤ ሞተሩ ግን ለምን ቆመ?

አሽዶድ ላይ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወደቡ ላይ የሌሊት ፈረቃ ያለው አባት፣ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እናቷን ለማየት ቂርያት ማላኪ የምትሮጥ ልጅ ያውቁታል። ስለዚህ የዘይት ጓርኒሲዮን፣ እዚህ አገር አተም የምንለው፣ ተቀይሮ ገንዘብም ተከፍሎ መኪናው በማግስቱ አድ ሃሎም መገናኛ ላይ ቀጥ ሲል ቤት ሙሉ ሰው ይደነግጣል። ጥፋቱ የማን ነው?

ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክል ስስ ነገር ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ እሱን ለመቀየር የሚፈታው ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ይጠርጥሩ። የወጣው ዘይት በልኩ ተመልሷል ወይ? ሁለተኛው ፊልትሮው ነው። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። ሲበዛ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወድቅና ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይዘጋል። ይሄኛው አታላይ ነው፤ በመለኪያው ሲያዩት ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ብረቶቹ ግን ደርቀው ይፋተጋሉ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። መኪናው ዘይት እያንጠባጠበ ለወራት ከተነዳ፣ ብሮንዚኖቹ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ተበልተው ሊሆን ይችላል። የማይነሳ ሞተር ሁሉም የሞተ አይደለም፤ ሲሠራ የተነቀለ ሽቦ ወይም ቱቦ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ሳይታይ «ሞተር ይቀየር» ቢባሉ እሺ አይበሉ።

ከሁሉ በላይ ቀዩን የዘይት መብራት ይፍሩ። እሱ የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው። «ቤት እስክደርስ» አይባልም። ዳር ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ግራር ይጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ዘይቱን ይለኩ፤ የፈሰሰውን ፎቶ ያንሱ፤ ሌላ ባለሙያ መርምሮ በጽሑፍ ይስጥዎ። የከፈሉበትን ሐሽቦኒት አይጣሉ። ከሙሳኩ ጋር መስማማት ካልተቻለ ትቪዖት ክታኖት፣ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት፣ አለ፤ እዚያ ያለ ጠበቃ ራስዎ ይቀርባሉ። ዕብራይስጥ የሚያስቸግረው ወላጅ ካለ ደግሞ እናንተ ልጆች ወረቀቱን አንብቡለት። ሳይነበብ አይፈረምም።