ሴቶችና ከባድ ብረት፦ የሚፈራውና የሚገኘው

በማለዳ ወደ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤት ጎራ ያለ ሰው አዳራሹን ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። በአንድ ወገን ሴቶች በመሮጫ ማሽን ላይ ላባቸውን ያፈስሳሉ፤ በሌላው ወገን ወንዶች ከመስታወት ፊት ቆመው ብረት ያነሣሉ። ይህን ድንበር ያሠመረ ደንብ የለም። ያሠመረው «ብረት ያነሣች ሴት ወንድ ትመስላለች» የሚል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ እምነት ነው። ሸንቀጥ ማለት የምትሻ ሴት ትሮጣለች፤ እራቷን ትተዋለች። ወደ ብረቱ ብትቀርብም ከሁለት ኪሎ የማይበልጡትን ባለ ቀለም ደምቤሎች አንሥታ ሠላሳና አርባ ጊዜ አወዛውዛ ትመለሳለች።

ይህ ልማድ የሚያስከፍለው ዋጋ በወጣትነት አይታይም። ዕድሜ ሃምሳን ሲሻገር ግን በአጥንትና በጡንቻ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ከባድ ብረት በሴት ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራም ረጋ ብሎ መመልከት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ፍርሃቱን እንመርምር። የጡንቻን መጠን በእጅጉ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። በጤናማ ወንድ ደም ውስጥ ያለው መጠን በሴት ደም ውስጥ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሴትም በሥልጠና ጡንቻ ታዳብራለች፤ ነገር ግን የምትነሣው ከአነስተኛ መጠን በመሆኑ የምትጨምረው በኪሎ ሲለካ ጥቂት ነው። እርሱም በብዙ ወራት ልፋት የሚገኝ እንጂ አንድ ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነቃ ድንገት የሚያገኛት ነገር አይደለም። በሰውነት ግንባታ ውድድር መድረክ ላይ የሚታዩት እጅግ የዳበሩ ሴቶች ለዓመታት ሕይወታቸውን ለዚያ የሰጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሆርሞን መድኃኒት ይጠቀማሉ።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የኦሊምፒክ መድረክ ነው። የሴቶች ክብደት ማንሳት ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ በ49 ኪሎ ግራም ምድብ ወርቅ ያገኘችው ቻይናዊቷ ሆው ዢሁዊ 117 ኪሎ ግራም ከራሷ በላይ አንሥታለች። ይህም ከገዛ ክብደቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። 49 ኪሎ የምትመዝን ሴት በመንገድ ብታጋጥመን ቀጭን ከምንላቸው ወገን እንመድባታለን እንጂ ግዙፍ አንላትም። ጉልበትና ግዝፈት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አስቸጋሪ ነው። ጀማሪዎችም ይህን በራሳቸው ያዩታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው የጉልበት ጭማሪ በአብዛኛው የሚመጣው ከጡንቻ መወፈር ሳይሆን የነርቭ ሥርዓት ያሉትን የጡንቻ ክሮች በአንድነት ማዘዝን ከመማሩ ነው።

ለመሆኑ «ከባድ» ማለት ምን ማለት ነው? ለአንዲት ሴት 10 ኪሎ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላዋ 60 ኪሎ ማሟሟቂያ ነው። መለኪያው በብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን የድግግሞሹ ብዛት ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ከተነሣ በኋላ አቋም ሳይበላሽ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሊጨመርበት የሚችል ሸክም ለዚያች ሴት ከባድ ነው። ሰውነት ቆጣቢ ፍጥረት ነው። ቀላል ሥራ ሲመጣበት ጥቂት የጡንቻ ክሮችን ብቻ ያሰማራል፤ ትልልቆቹንና ኃይለኞቹን የሚጠራው ሲጨንቀው ነው። እውነቱን ለመናገር ቀላል ክብደትም እስከ ድካም ጫፍ ድረስ ከተደጋገመ ጡንቻን ያሳድጋል፤ ለጉልበትና ለአጥንት ግን የከባዱን ያህል አይጠቅምም። ዋናው ምሥጢር ደግሞ ጭማሪው ነው። ባለፈው ወር የከበደው ሸክም ዛሬ ከቀለለ ጥቂት ካልተጨመረበት በቀር ሰውነት የሚለወጥበት ምክንያት አይኖረውም።

አሁን ብዙ ሴቶችን ወደ ማዘውተሪያው ወደሚያመጣቸው ጉዳይ፣ ወደ ሸንቃጣነት፣ እንለፍ። ክብደት መቀነስና ስብ መቀነስ አንድ አይደሉም። ምግቧን ብቻ ቀንሳ ኪሎ የጣለች ሴት ከጣለችው ውስጥ ከፊሉ ጡንቻ ነው። ሰውነት የማይገለገልበትን ጡንቻ በችግር ጊዜ ማኖር አይፈልግም። ከባድ ብረት የምታነሣ ሴት ግን ለሰውነቷ «ይህ ያስፈልገኛል» የሚል መልእክት ታስተላልፋለች፤ ስለዚህ ከሚቀንሰው ኪሎ አብዛኛው ከስብ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሚዛን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ መቀነት ሊላላ ይችላል፤ ወገብን በሜትር መለካት ወይም ያለፈውን ዓመት ቀሚስ ለብሶ ማየት የተሻለ ዳኛ ነው።

በዚህ ላይ የሚነገሩ ማጋነኖችም አሉና መታረም ይገባቸዋል። «ጡንቻ ካወጣሽ ተኝተሽም ስብ ታቃጥያለሽ» የሚለው አባባል እውነት አለው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው 13 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ 4.5 ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ጉርሻ አይሞላም። እንዲሁም ሆድን መቶ ጊዜ በማጠፍ የሆድን ስብ ለይቶ ማቅለጥ አይቻልም። ስብ ከየት ቦታ ቀድሞ እንደሚለቅ የሚወስነው ተፈጥሮ ነው፤ ሊቀንስ የሚችለውም ከሚቃጠለው ያነሰ ሲበላ ነው። ብረት የማዕድን ጉዳይን አይተካም።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። የሀገራችን ሴት ከባድ ነገር መሸከምን ከማን ትማራለች? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ተሸክመው በየቀኑ ዳገት የሚወጡ እናቶችና ልጃገረዶች ቁጥራቸው ብዙ ነው። ከእንጦጦ ተራራ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ሸክም የሚያጠነክር ከሆነ ብዙዎቹ የወገብና የአንገት ሕመም የሚያማርራቸው ለምንድን ነው?

መልሱ በሸክምና በሥልጠና መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ሸክም የሚወሰነው በቤቱ ፍላጎት እንጂ በተሸካሚዋ አቅም አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ብትሆን፣ ታማ ያደረች ወይም በቅርቡ የወለደች እናትም ብትሆን ጀሪካኑ ያው 20 ሊትር ነው። ሸክሙ ጀርባን አጉብጦ ለሰዓታት ይቆያል፤ የዕረፍት ቀን የለውም፤ በቂ ምግብም ብዙ ጊዜ አይከተለውም። ሥልጠና የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚጀመረው ከሚቻለው መጠን ነው፤ በጥቂቱ ይጨመራል፤ አከርካሪ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዕረፍትና ምግብ ይከተላል። ጡንቻም ሆነ አጥንት የሚጠገነው በዕረፍቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ «የእኛ ሴቶች በሥራቸው ስፖርት ሠርተዋል» የሚለው ንግግር ድካማቸውን የሚያቃልል እንጂ ጤናቸውን የሚያስረዳ ሆኖ አይታየንም።

ጉዳዩ ከቁንጅና አልፎ የጤና ጉዳይ የሚሆነው አጥንት ላይ ሲደርስ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ጥግግቷን ልታጣ ትችላለች። በመደናቀፍ ብቻ የሚመጣ የዳሌ ስብራት መነሻው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች የሚሰጠው ምክር ከባድ ነገር እንዳያነሡ ነበር።

በአውስትራሊያ የሚገኘው የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ምክር ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት የወር አበባቸው የተቋረጠና የአጥንት ጥግግታቸው የቀነሰ 101 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ነበር። ግማሾቹ ለስምንት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ30 ደቂቃ፣ በባለሙያ ፊት ከባድ ብረት አነሡ። ብረትን ከመሬት ማንሳት፣ ብረት በትከሻ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ከራስ በላይ መግፋትና ከዝላይ በኋላ በእግር ማረፍ ነበር ሥራቸው። የሚያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት ትልቁ ክብደት ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን፣ አምስት አምስት ጊዜ በአምስት ዙር ይደጋግሙታል። የቀሩት ሴቶች በቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ሠሩ። በመጨረሻ የብረት አንሺዎቹ የወገብ አጥንት ጥግግት በአማካይ 2.9 በመቶ ሲጨምር የሌሎቹ 1.2 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ መሳሳት በሚጠበቅበት ዕድሜ መጨመሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሥልጠናው በቅርብ ክትትል የተሰጠ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ አጥንቷ የሳሳ ሴት ብቻዋን ተነሥታ የምትሞክረው ነገር አይደለም።

ወደ ማዕድ እንመለስ። ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ብረት ለሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመከረው መጠን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ይሰጣል። በጾም ወራት ነገሩ ከበድ ቢልም የማይቻል አይደለም። መቶ ግራም ያልተቀቀለ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተርም ከእርሱ ጎን ይሰለፋሉ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ቀጠን ያለ ሽሮ ላይ እንጀራው በዝቶ ወጡ ያንሳል። ወጡን ወፈር፣ ምስሩን በርከት ማድረግ ለጿሚዋ ሴት ከማንኛውም ዱቄት ይረክሳል። በሌላ በኩል ከባድ ሥልጠናን ከጠና የምግብ ቅነሳ ጋር ማጣመር የወር አበባን እስከ ማቋረጥ ሊያደርስ ይችላል፤ ይህ ሲሆን አጥንትም አብሮ ይጎዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች ሁሉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል፤ ሴትና ወንድ ብሎ አይለይም። ጀማሪ ሴት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቋም በመማር ብታሳልፍ መልካም ነው። የሴቶች የውድድር ዘንግ ብቻውን 15 ኪሎ ስለሚመዝን ለአንዳንዷ ባዶ ዘንጉ ራሱ በቂ ነው። ወደ ጂም የመሄድ አቅም የሌላት ደግሞ ያንኑ ጀሪካን ልትጠቀምበት ትችላለች። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና አምስት ሊትር ጨምራ ትጀምራለች፤ ሲቀልላት ሰባት፣ ከዚያም አሥር ታደርገዋለች። በዙሮች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ማረፍ ስንፍና አይደለም፤ የሥራው አካል ነው።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም የማኅፀን መንሸራተት ያጋጠማት ሴት ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባታል፤ በተለይ ትንፋሽን አፍኖ ማንሳት የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። የጡንቻ መዛል የተለመደ ሲሆን የመገጣጠሚያ ውጋት ግን የማቆሚያ ምልክት ነው። ቀኑን፣ ኪሎውንና ስንት ጊዜ እንደተነሣ በአንዲት ደብተር መመዝገብም ይረዳል፤ ከሦስት ወር በኋላ ምን ያህል እንደተጨመረ የሚታየው ከዚያ ነው።