አሥራ ሁለት ቮልት ምን ያደርጋል?

ብዙ የጋራዥ ረዳቶች የመኪና ባትሪን አይፈሩም። ሁለቱን ጫፎች በደረቅ እጃቸው ቢነኩ ምንም ስለማይሰማቸው፣ «አሥራ ሁለት ቮልት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ጣትና ዓይን የሚያስጠፋውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ስለ ባትሪ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ወንድሙ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ጋራዥ የማይሠራ ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ኤሌክትሪክ በሁለት ነገር ይለካል። ቮልት የግፊቱ መጠን ሲሆን፣ አምፔር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ደረቅ የሰው ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም የመቋቋም ኃይል ስላለው፣ የ12 ቮልት ግፊት በቀላሉ አያልፈውም። ብረት ግን ይህ መከላከያ የለውም። የደኅና መኪና ባትሪ የውስጥ መቋቋሚያ በአብዛኛው ከ0.01 ኦም አይበልጥም። በኦም ሕግ 12ን ለ0.01 ስናካፍል 1,200 አምፔር እናገኛለን። የቤታችን የግድግዳ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ወይም ከዚያ ላነሰ ነው፤ ሲበዛም ፊውዙ ይቆርጠዋል። በባትሪው ጫፍና በመፍቻው መካከል ግን ምንም ፊውዝ የለም።

ስለዚህ መካኒኩ ፖዘቲቩን ሲፈታ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ፣ ያ ሁሉ ኃይል በመፍቻው ይነጉዳል። በመካከሉ የጣት ቀለበት ከገባ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይግልና ሥጋውን ያቃጥላል። ሰውየውን ኤሌክትሪክ ሳይዘው ጣቱ ይጠፋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከውስጡ ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 ከመቶ ያህል ከሆነ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች፤ ባትሪው ሲፈነዳም አሲዱ ፊት ላይ ይረጫል።

እንግዲህ የሚከተሉትን ከነምክንያታቸው እንያዝ፦

1ኛ/ ከሥራ በፊት ቀለበት፣ ሰዓትና ሰንሰለት ይውለቅ።

2ኛ/ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር መጨረሻ ይሁን። የዛሬ መኪና አካል ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እርሱ ከተፈታ በኋላ መፍቻው አካሉን ቢነካም መንገዱ ተቆርጧል።

3ኛ/ ቻርጅ የሚደረገው ነፋስ በሚገባበት፣ ክብሪትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይሁን።

4ኛ/ አሲድ ዓይን ከነካ፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ወደ ጋራዦቻችን መጥቷል። የዚህ ዋና ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት ገደማ፣ አንዳንዱም 800 ነው። እዚህ ላይ ቆዳችን አያድነንም። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ገመድ ለዚሁ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው ጨርሶ አይንካ።

ውድ አንባቢ፣ ለረዳቱ «ቀለበትህን አውልቅ» ብቻ ቢሉት አለቃው ዞር ሲል መልሶ ያጠልቀዋል። የ1,200ውን ሒሳብ በእንጨት መሬት ላይ ጽፈን ብናሳየው ግን ለራሱ ብሎ ያወልቃል። ለዕረፍት ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ይህን ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም።