አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን ይበቃል?

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ብልባላ ከባሕር የራቀች ደጋ ናት። ጨው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። አፋሮች ከዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ጠርበው የሚያወጡት አሞሌ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ፣ በሰቆጣ ገበያ በኩልም ወደ ላስታ ይዘልቅ ነበር። አሞሌ ቅመም ብቻ ሳይሆን መገበያያ ገንዘብም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። እንዲህ ባለ ዘመን የደጋ ሰው ጨው እንዳያበዛ ምክር አያስፈልገውም ነበር። ዋጋው ራሱ ይገድበው ነበር።

ዛሬ ያ ገደብ የለም። አብዛኛው ጨው ከአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ይመጣል፤ በመኪና ተጭኖ፣ በፌስታል ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። ከጓዳችን ዕቃ ሁሉ ሲያልቅ ብዙም የማያስጨንቀን እሱ ነው። ገበያው ያበጀው ልክ ከጠፋ፣ ልኩን ማወቅ የቤቱ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። መልካሙ ነገር፣ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪም ሚዛንም አያስፈልግም። የጨው ፓኬት የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ይበቃል። እንዴት እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ጨው በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ጨው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የምንበላው ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ የሚባሉ የሁለት ነገሮች ውህድ ነው። ከክብደቱ 40 ከመቶ ያህሉ ሶዲየም፣ የቀረው ክሎራይድ ነው። ከደም ግፊት ጋር ስሙ የሚነሣው በተለይ ሶዲየም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም እንዲወስድ ይመክራል። ይህ በጨው ሲተመን 5 ግራም፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ይህ ልክ በወጡ፣ በበርበሬው፣ በዳቦውና በቆሎው ያለውን ሁሉ ደምሮ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ኢትዮጵያዊው አዋቂ በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል። ያው ጥናት ከአዋቂዎቹ 16 ከመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ግፊት የከተማ ሰው፣ የወፍራም ሰው ወይም የባለጸጋ በሽታ ብቻ ነው የሚለው አሳብ ስለዚህ አያስተማምንም። ማሳ ሲቆፍር የዋለ ቀጭን ገበሬም ሊይዘው ይችላል።

ውሃ ጨውን ይከተላል

ጎመን ከትፋችሁ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብትተዉት ውሃ ያወጣል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋም ጨው ሲነካው እንዲሁ ነው። ውሃ ጨው ወደ በዛበት ይሄዳል። በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውም በዚሁ ሕግ ነው።

ሶዲየም ጠላታችን አይደለም። ያለ እሱ ነርቭ መልእክት አያስተላልፍም፣ ጡንቻ አይኮማተርም፣ ልብም አይመታም። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን የሚሰጠው ኦአርኤስ ጨው ያለበትም ለዚህ ነው፤ ጨውና ስኳሩ ተጋግዘው ውሃውን ከአንጀት ወደ ደም ያሻግሩታል። ነገር ግን ሰውነት ለነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልገው ሶዲየም በቀን ከግማሽ ግራም የሚበልጥ አይደለም።

ደም የጨውነቱን ልክ በጥብቅ ይጠብቃል። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠን በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ይደረግበታል። ከዚህ ተነሥታችሁ አስሉት፤ ሰውነት 9 ግራም ትርፍ ጨው ይዞ ቢቆይ፣ ልኩን ለመጠበቅ 1 ሊትር ያህል ውሃ አብሮ መያዝ አለበት። ጨው የበዛበት ምግብ ስንበላ የሚጠማን፣ ስንጠጣም ውሃው ቶሎ የማይወጣው ለዚህ ነው። በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ ደግሞ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። ይህ ነው የደም ግፊት የሚባለው።

ትርፉን የማስወጣት ኃላፊነት የኩላሊት ነው። የኩላሊት ሥራ ሲታሰብ ያስደንቃል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚያልፈው ሶዲየም በጨው ቢተመን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ከዚህ ከመቶው 99ኙን መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። ኩላሊታችን የተሠራው ጨው እንዳይባክን ለመጠበቅ ነው። አልፎ አልፎ ለሚመጣ የሰርግ ወይም የዓመት በዓል ጨው አይሸነፍም፤ ትርፉን በጥቂት ቀን ውስጥ ያስወጣዋል። ችግሩ ትርፉ የየዕለት ሲሆን ነው። ዛሬ የገባው ሳይወጣ የነገው ይደረባል፤ ኩላሊቱም ጨውን ገፍቶ ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። ዓመታት ሲያልፉ የደም ሥሮች ይደርቃሉ፣ ልብ ይደክማል፣ ኩላሊቱ ራሱ ይጎዳል፣ ስትሮክም ይከተላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውና ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎች ደግሞ በትንሽ ጨው ይበልጥ ይጎዳሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ራስ ምታትን ወይም ነስርን ምልክት አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ዓመት ሊያሳልፍ ይችላል። ግፊትን ለማወቅ ያለው መንገድ መለካት ብቻ ነው።

ጨው በየት በኩል ይገባል?

በሀብታም አገሮች አብዛኛው ጨው ከፋብሪካ ምግብ ጋር ይመጣል። በላስታ ገጠር ግን ጨው የሚጨምረው የራሳችን እጅ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የጨመረው እጅ መቀነስም ይችላልና።

እንጀራ እንደ ልማዱ ጨው አይገባበትም፤ ጨው የሚበዛው በላዩ ከሚቀርበው ነው። ወጥ ላይ ጨው ጣል ሲደረግ እናያለን፤ በርበሬው ውስጥ ያለውን ግን አናየውም። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮት ይደለዛል ወይም ይፈጫል። ለምሳሌ ለ5 ኪሎ በርበሬ 1 ኪሎ ጨው ከገባ፣ ከተፈጨው ስድስት እጅ አንዱ ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ወጥ ውስጥ ስንጨምር ከ1 ግራም በላይ ጨው አብሮ ገባ ማለት ነው። ብዙ ቤት ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ይደረግበታል። ሽሮ ወጥ በርበሬ ተጨምሮበት፣ መጨረሻ ላይም ጨው ተነስንሶበት ሲወርድ፣ ሦስት ጊዜ ጨው የበላ ወጥ ሆነ። በጾም ወራት ሽሮ በቀን ሁለቴ ስለሚቀርብ ድምሩ ያድጋል።

ቡናም አለ። በብዙ የገጠር ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። በእያንዳንዱ ሲኒ አንድ ቁንጥር ቢገባ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ከ1 ግራም በላይ ጨው ሊወስድ ይችላል፤ ቡናው ጠዋትና ማታ ከተፈላ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ቆሎ በጨው ውሃ ሲታሽ፣ ንፍሮ ሲነሰነስበት፣ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ሲበላ፣ አዋዜና ዳጣ ሲቀርብ ሁሉም ይደመራል። በየሱቁ የገቡት የሾርባ ኩቦች፣ ኢንዶሚና ቺፕስም በጨው የበለጸጉ ናቸው። የፋብሪካ ምግብ መለያው ላይ ሶዲየም ብሎ ከጻፈ በ2.5 አባዙት፤ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም 1 ግራም ጨው ነው።

ፓኬቱን ቁጠሩት

አሁን ወደ ዋናው ስሌት። በቤታችሁ አምስት ሰው አለ እንበል። ለእያንዳንዱ በቀን 5 ግራም ሲታሰብ 25 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎ ጨው 1000 ግራም ነው፤ ለ25 ሲካፈል 40 ቀን። ስለዚህ ለአምስት ሰው አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። ለአራት ሰው 50 ቀን፣ ለስምንት ሰው 25 ቀን ነው። ከዚያ ፈጥኖ ካለቀ ቤቱ ከልክ በላይ ጨው እየበላ ነው።

ሦስት ነገር አትርሱ። ከብት የሚልሰውን ጨው ከዚህ ስሌት አውጡ። ለበርበሬና ለሽሮ የገባውን ግን ጨምሩ፤ ለዓመት የተዘጋጀ በርበሬ 3 ኪሎ ጨው ከገባበት ያ 3 ኪሎ የዓመቱ ድርሻ አካል ነው። ለአምስት ሰው የዓመቱ ጠቅላላ ድርሻ ከ9 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ሕፃናት ከአዋቂ ያነሰ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ ምግቡ ላይ ጨው ባይጨመርበት ይመረጣል።

አዮዲን እንዳይቀር

ጨው መቀነስ ማለት አዮዲን ያለውን ጨው መተው አይደለም። ደጋ አፈር በዘመናት ጎርፍ አዮዲኑ ስለሚታጠብ ከእህሉም ከውሃውም በቂ አዮዲን አይገኝም። እንቅርት በደጋው በብዛት የሚታየው፣ የሕፃናት የአእምሮ ዕድገትም የሚጎዳው በዚህ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ በ2008ቱ ጥናት 89 ከመቶ ደርሷል።

አሞሌ ከሜዳው እንደተጠረበ የሚመጣ ስለሆነ አዮዲን አልተጨመረበትም። ለወጥ የምትጠቀሙበት አዮዲን ያለበት የታሸገ ጨው ይሁን። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ መጨመር ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀምሶ ለመወሰን ያስችላል።

ምላስ ይለምዳል

ጨው በአንድ ቀን በግማሽ ብትቀንሱ ቤተሰቡ ያኮርፋል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብትቀንሱ ግን ምላስ ይከተላችኋል፤ በሁለት ወር ገደማ የቀድሞው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይሰማችኋል። የጎደለውን ጣዕም በደንብ በተቁላላ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በመከለሻ ወይም በሎሚ መሙላት ይቻላል።

ሌላው ረዳት ፖታሲየም ነው። ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወጣ ያግዛል፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይገኝበታል። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ ወደ 21 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከጨዋቸው ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ጨው የተተካላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ስትሮክ 14 ከመቶ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፖታሲየም ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለ ጨው አይጠቀም። የግፊት መድኃኒት የጀመረም ጨው ቀነስሁ ብሎ ክኒኑን አያቁም።

ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ የሚወሰነው በርበሬ በሚዘጋጅበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የገባ ጨው ዓመቱን ሙሉ በየወጡ ይገባል፤ በኋላም ማንም ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጩ፤ በደንብ ከደረቀና በንጹሕ ዕቃ ከተከደነ አይበላሽም። ጨው በወጡ ላይ ብቻ፣ የቤቱ እመቤት እያየችው ይግባ። ከዚያ አዲሱን ፓኬት ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ሲያልቅ ቁጠሩ። ቀጣዩ ፓኬት ከፊተኛው በአምስት ቀን ቢዘልቅ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ደም ሥር በዚያው ልክ አርፏል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱን ይለካ።