ወዝና ደም ግባት፦ ምግብ ለቆዳ የሚያደርገውና የማያደርገው

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ እንዲያገኙ የሚጠይቅ ውሳኔ አጽድቋል። ‹‹አይገድልም›› እየተባለ ወደ በጀቱ ጠርዝ ሲገፋ ለኖረ የሕክምና ዘርፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ ላለው፣ ከሥጋ ደዌ ዘመን ጀምሮ የቆዳ ሕሙማን መጠጊያ ለሆነው ለቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዘገየ ዕውቅና ነው። ገበያው ግን ጉባኤ አልጠበቀም። ቲክቶክ ላይ የኮላጅን ዱቄት፣ ፊት ያጠራል የተባለ ጭማቂ፣ የተልባና የአብሽ ድብልቅ ሲወደስ ይውላል። ሁሉም የሚነሡት ቆዳ የበሉትን ይናገራል ከሚል ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ምግብ በቆዳ ላይ ትልቅ ሥልጣን የሚኖረው ሲጎድል ነው። ከጠገቡ በኋላ ሥልጣኑ ይጠብና በጥቂት ነገሮች ላይ ይወሰናል። ሻጩ በክፉ ቀን የታየውን ኃይል ለጠገበ ሰው ያቀርባል።

አማርኛ ራሱ ነገሩን በሁለት ቃል ከፍሎታል። ‹ወዝ› ከላይ የሚታየው ቅባትና ልስላሴ ሲሆን ‹ደም ግባት› ከሥር የሚመጣው ነው። ምግብ ይበልጥ የሚገዛው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ወሎም ይህን የተማረችው በመከራ ነው። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ አዘጋጅቶት በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም ለዓለም ያጋለጠው የወሎ ረኃብ፣ ሐኪሞች ክዋሽዮርኮር የሚሉትን ምልክት በሕፃናት ገላ ላይ አሳይቷል፦ እግር ያብጣል፣ ጠጉር ሳስቶ ጥቁረቱን ያጣል፣ ቆዳው ይጠቁርና ከግድግዳ እንደሚረግፍ ቀለም ይላላጣል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1933 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የገለጹት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ናቸው። ስሙን የወሰዱት ከጋ ቋንቋ ነው፤ ታናሽ ሲወለድ ጡት የተነጠቀ ልጅ ሕመም ማለት ነው። ሕፃኑ በአግባቡ ሲመገብና ሲታከም ያ የተላጠ ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። ምግብ ቆዳን ለመለወጡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በድርቅ ዘመን የሚታይ የቆዳ ሕመም ሁሉ ግን የምግብ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአማራ ክልል የተዛመተው እከክ የውኃ እጦትና የመጨናነቅ ውጤት ነበር፤ ተዋሲው በስንዴ እርዳታ አይወጣም።

ከዚያ ያነሰ ጉድለትም በቆዳ ላይ ይነበባል፤ እዚህ ላይ የወሎ ማድ ከሚገባው ያነሰ ምስጋና አግኝቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሐኪሙ አናንዳ ፕራሳድ ኢራን ውስጥ ያዩአቸው፣ ዕድገታቸው የተገታና ቆዳቸው የሻከረ ወጣቶች ዋና ምግባቸው ያልቦካ ቂጣ ነበር። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን ጠፍንጎ ይይዝና አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። እርሾ ይህን ጠፍር ይፈታል። ሊጡ ቀናት ሲያድር ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንጀራ ከቂጣ የሚለየው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። ብረት ላይ ግን ጤፍ ከሚገባው በላይ ተወድሷል፦ በምርመራ የሚገኘው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነትም እንደ ልቡ አይጠቀምበትም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ እንዳለባቸው መገኘቱ፣ በእንጀራ አገር ደም ግባት በጤፍ ብቻ እንደማይመጣ ይናገራል። ከኮምቦልቻ ወደ ቃሉ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ማሽላው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1960 ጎፓላንና ስሪካንቲያ የተባሉ ሕንዳውያን፣ ማሽላ በሚበሉ ድሆች ላይ ፔላግራን፣ ማለትም ፀሐይ የሚነካው አንገትና እጅ እንደ ተቃጠለ የሚጠቁርበትን ሕመም፣ አይተው በእህሉ ውስጥ የሚበዛውን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጠርጥረዋል። ጥርጣሬው ዛሬም ያከራክራል። ማሽላ ብቻውን ሳይሆን ከሽሮ፣ ከምስርና ከክክ ጋር የሚበላበት ልማድ ግን የቆላውን ሰው የሚጠብቅ ጋሻ ነው።

የቀሩትን ቅርንጫፎች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ግሉተን ቆዳቸውን በውኃ በቋጠረ ሽፍታ የሚያስመታቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ጤፍ ለእነሱ ሲሳይ ነው። ውኃ አብዝቶ መጠጣት ፊትን ያበራል የሚለው ምክር ላልተጠማ ሰው የሚረባ ማስረጃ የለውም። አትክልትና ፍራፍሬ ቆዳን ጤናማ ገጽታ እንደሚሰጥ ስኮትላንድ ውስጥ በ35 ተማሪዎች ላይ ለ6 ሳምንት ተሞክሮ ታይቷል፤ ከተሞከሩት አብዛኞቹ ነጮች ስለሆኑ ወደ እኛ ፊት ሲመጣ ቁጠባ ያሻዋል።

ኮላጅኑ ግን በዋዛ መታለፍ የለበትም። ሆድ ኮላጅንን እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ሻጮቹ አጫጭር ቁርጥራጮቹ ወደ ደም ይገባሉ ብለው ይመልሳሉ፣ በዚህ ትክክል ናቸው። ወሳኙ ጥያቄ ከገቡ በኋላ ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና በጥቅሉ ለውጥ አገኘ፤ ከኩባንያ ገንዘብ ያልተቀበሉትን ለይቶ ሲያይ ግን ጥቅሙ ጠፋ። በዘፈን የሚወደሰው የወሎ መልክም በዚህ ዓይነት ሚዛን ቢመዘን ምግቡ ብቻውን ምስጋናውን አይወስድም። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከላይ ብርዱ ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ከታች ሙቀቱ ያወዛል። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ማድያት ለደሴ ፊት ይቀርባል። ይህን ሁሉ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በመውጣትና በመውረድ የሚለወጥ ነገር ለምሳ ማስረከብ ተገቢ አይደለም። በዚያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡት የስቴሮይድ ክሬም አለ፦ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል መጀመሪያ ያፈካሉ፣ ከዚያ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ፍካት ከተልባው ጋር ከተጀመረ ምስጋናው ለተልባው ይሄዳል።

እውነተኛው ክርክር ያለው ብጉር ላይ ነው፤ ታሪኩም ለተጠራጣሪ ሰው ድግስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ 65 ሰዎች ቸኮላት ያለውና የሌለው ከረሜላ በልተው ብጉራቸው ሲቆጠር ልዩነት አልተገኘም። ለአሥርተ ዓመታት ‹‹ምግብና ብጉር አይገናኙም›› ሲባል የኖረው በዋናነት በዚህ ነው። ችግሩ፣ ቸኮላት የሌለው ከረሜላ ስኳሩና ቅባቱ ከሌላው ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ የጥናቱ ደጋፊም የቸኮላት አምራቾች ማኅበር ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ሎሬን ኮርዴንና ባልደረቦቹ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ኪታቫ ደሴት 1,200 ሰው ተመርምሮ አንድም ብጉር እንዳልተገኘ ሲያሳውቁ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ። የዘር ጉዳይ ነው የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ በዚያው ዓመት የታተመ የመንትዮች ጥናትም በብጉር የሰው ለሰው ልዩነት 81 በመቶው ከዘር እንደሚመጣ አስልቷል። መልሱ ግን ክርክሩን አይዘጋም። ዘር ልዩነትን የሚያስረዳው ሁሉም ተመሳሳይ ማድ ላይ በተቀመጡበት አገር ውስጥ ነው፤ ማዱ ራሱ ሲለወጥ የሚሆነውን አይነግርም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሜልበርን ውስጥ 43 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ሲሞከሩ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት የቀነሱት የብጉራቸው ብዛት በአማካይ በ23.5፣ ሌሎቹ በ12 ቀነሰ። የመጀመሪያዎቹ ክብደትም ስለቀነሱ የቱ እንደሠራ መለየት ያስቸግራል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ምግብን በሚመለከት ለመምከር ማስረጃው አይበቃም ማለቱ ለዚህ ነው። ‹‹አይበቃም›› ግን ‹‹የለም›› አይደለም፤ ኢንሱሊን ሲያሻቅብ የቆዳ ቅባት አመንጪ ዕጢዎች እንደሚቀሰቀሱ ለማመን በቂ ምክንያት አለ። ወዛደር የሚለው ቃል ከወዝ የወጣ ነውና፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ቁርሷ የሆነ ወጣት ወዛደር ከዚህ ክርክር ውጪ አይደለችም።

ወተት ደግሞ ሁለተኛው ተከሳሽ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት 47,355 አሜሪካውያን ነርሶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የበሉትን አስታውሰው ሲመልሱ፣ ወተት ያዘወተሩት ላይ ብጉር በዝቶ ተገኘ፤ ከሁሉም የባሰው ቅባቱ የወጣለት ወተት ነበር፣ በ44 በመቶ ብልጫ። ጥፋቱ የቅቤው አይደለም ማለት ነው፤ ቅቤ ሸጦ አሬራ ለሚጠጣ ባላገር ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ከአሥርና ሃያ ዓመት በፊት የበሉትን ማስታወስ ግን ደካማ ምስክርነት ነው። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሜልበርን የሌላት ነገር አላቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሙስሊም፣ የቀረው በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው። በአንድ ክፍል፣ በአንድ አየር፣ በአንድ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች አሉ፤ ከፊሎቹ ዓቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ወተትና ቅቤ ይተዋሉ፣ ከፊሎቹ አይተዉም። ጾም ፊትን ያጠራል የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ሊፈተን ይችላል። ተቃውሞው ግልጽ ነው፦ ጿሚው ወተት ሲተው ዳቦ፣ ድንችና ስኳር ይጨምራል፤ አንዱ የሚያጠፋውን ሌላው ይመልሳል። ተቃውሞው ጥናቱን አይሽርም፣ ምን ምን መመዝገብ እንዳለበት ይነግራል እንጂ። የሚያስቸግረው የቀን መቁጠሪያው ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በ5 ቀን ልዩነት ገቡ፣ በ2018 ዓ.ም. በ2 ቀን፤ ስለዚህ ወተት የማይተወው ተማሪም የምግብ ሰዓቱን ወደ ሌሊት አዙሮ፣ በተምርና በሳምቡሳ ያፈጥር ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በ2022 ዓ.ም. ከዓቢይ ጾም መግቢያ በፊት አብቅቶ ይጠብቃል። ደሴ የሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ 43 ተማሪ ፈልጎ በቅበላ ሰሞንና በትንሣኤ ዋዜማ ብጉር መቁጠር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።